እርጥቡ ጆንያ

እናቴን ለአሥራ ስምንት ዓመታት ያኮረፍኳት በአንዲት የእሳት እራት የተነሳ ነው። ኩርፊያዬ ሰላምታ የሚያስከለክል ዓይነት አልነበረም። አብሬያት እበላለሁ፣ ሲያመኝ ታስታምመኛለች፣ በዒድ እጇን እስማለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን አጣምራ ተቀምጣ፣ «ሙንተሃ ላይ የሠራችውን አልረሳሁም» ትለኝ ነበር። ያችን ልጅ ተነሺ ያልኳት ባለፈው ሳምንት ነው።

ቤታችን ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው። አባቴ ዓብዱሰመድ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ጨርቅ እያመላለሰ ስለሚነግድ ከወሩ ሦስቱን ሳምንት የለም። እናቴ ጀዋሪያ ከበራችን ሃያ እርምጃ ርቃ ጫት ትሸጥ ነበር። ጫቱ ጎህ ሳይቀድ ከሐረርጌ ደጋ ተቆርጦ፣ ድንበር ተሻግሮ ሰባት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ የተኛው ይነሳል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ ሱቅ ያለው ሱቁን ጥሎ ይወጣል። እናቴ በዚያች ሰዓት ሌላ ሰው ትሆናለች። እሽጉን ትፈታለች፣ ዙርባውን፣ ትንንሹን እስር፣ ትለያለች፣ በእርጥብ ጆንያ ትጠቀልላለች፣ ክዳኑ በምስማር በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ትረጫለች። እጄን ይዛ ያስተማረችኝ የመጀመሪያው ሥራም ይኸው ነበር።

«ውዳድ፣ ከደጋ የመጣ ነገር ውሃ ካላገኘ እዚህ አገር አይሰነብትም» ትለኛለች። «ጆንያው ደረቀ ማለት ጫቱ ሞተ ማለት ነው።»

ሙንተሃ የመጣችው በጥር መጨረሻ፣ በዚሁ በጫት መኪና ነው። ሾፌሩ ፈንታው ከድንበሩ ወዲህ፣ ከስምንት የአገሯ ልጆች ጋር በእግሯ ስትጓዝ አገኛት። የግራ እግሯ ቆስሎ አብጦ ነበር። ስምንቱ አሻጋሪያቸውን ተከትለው ቀጠሉ፤ እሷን ፈንታው ጭኖ አመጣና ለእናቴ ሰጣት።

«ቋንቋዋን ትሰሚያለሽ» አላት። «እግሯ እስኪድን ብቻ።»

ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነበር፣ አገሯ ከጋራ ሙለታ ግርጌ። እጇ በሂና አጊጧል፤ በትንሽ ሻንጣዋ ውስጥ አንድም ቀን ያልለበሰችው ነጭ ሻሽ ታጥፎ ተቀምጧል። ትልልቆቹ ሲያወሩ «ትሻገራለች» ይላሉ፣ «ማዶ የሚቀበላት ሰው አለ» ይላሉ፣ «ቤተሰቧ በእሷ ነው ተስፋው» ይላሉ። ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም ነበር። ሙንተሃ ሙሽራ ናት፤ ባሏ ባሕሩ ማዶ ይጠብቃታል። እንግዳ የሆነብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አሻጋሪው ነቢል ለመንገዷ አምስት ሊትር ውሃ የሚይዝ ጀሪካንና ቴምር እንድታዘጋጅ ነግሯታል። ሙሽራውን ታዘብኩት፤ ምን ዓይነት ቆንቋና ነው ሙሽሪቱን ውሃዋን ይዛ እንድትመጣ የሚያዝ?

ሂናውን የቀባቻት እናቷ ናት፤ ሳዑዲ ያለው ቀጣሪ እጇን ሲያይ ደህና ቤት ያደገች እንዲመስለው። ማዶ የሚቀበላት ሰውም በየመን ባሕር ዳርቻ ፒክአፕ ይዞ የሚጠብቅ አንድ የማታውቀው ወንድ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ያኔ የማየው እናቴ በሙንተሃ ላይ ስትከፋ ነበር።

«ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?» ትላታለች።

«አላውቅም፣ አዴ ጀዋሪያ።» ሙንተሃ እናቴን በአገሯ ወግ «አዴ» ነበር የምትላት።

«ዋና ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«እና አቦ፣ ምን አስበሽ ነው?»

«ቃል ገብቼ ነው የመጣሁ» ትላለች ሙንተሃ፣ አንገቷን ደፍታ። እናቴ ጥርሷን ነክሳ ወደ ጫቷ ትዞራለች። እኔ ሠርጉ ላይ ስላልተጠራች የተቀየመች ነበር የሚመስለኝ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ለጎረቤታችን ለማይሙና ስታወራ ሰማኋት። «ጥሩ እጅ አገኘሁ፤ ቶሎ የምለቃት እንዳይመስልሽ» አለቻት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴን በክፉ ዓይን ማየት ጀመርኩ። የሰው ሙሽራ ለጫት ሥራ ትቀማለች!

ከመጣች በሁለተኛው ሳምንት እሽግ ስንፈታ ሙንተሃ ድንገት «ቆይ! እንዳትነኪው!» ብላ እጄን ያዘችው። ከጫቱ መሃል ጫት ያልሆነ አንድ ቀንበጥ ወጣ። ቀንበጡ ላይ ከቴምር የሚተልቅ ቡናማ ከረጢት ተጣብቋል። ጆሮዋ ጋ አስጠግታ ቀስ አድርጋ ነቀነቀችውና ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

«አለች» አለችኝ። «ተኝታለች።»

«ማናት?»

«የእሳት እራት ናት። ደግሞ እዚህ አምፖል የምትዞረዋ እንዳትመስልሽ። ይቺ የጫካ ናት፣ የጋራው። ክንፏ ሲዘረጋ ሁለቱን መዳፍሽን ያክላል። ክንፏ ላይ ዓይን አላት፣ የውሸት ዓይን፤ ወፍ የምታስደነግጥበት።»

ያን ቀን ከሰዓት፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ከቤታቸው በላይ ጥድና ኮሶ የሞላው ጫካ አለ። እዚያ አረንጓዴ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ አባጨጓሬ ቅጠሉን ሲግጥ ይከርማል፤ ጫካው ጸጥ ሲል ሲያኝክ ይሰማል። ሲጠግብ ከአፉ ድር እያወጣ ራሱን በከረጢት ይዘጋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። በጋው ያልፋል፣ ነፋሱ ያልፋል፣ ከረጢቷ ቅርንጫፉ ላይ ደርቃ ትወዛወዛለች። አንዳንዷ ዓመት ትቆያለች።

«ዝናብ ካልነካት አትወጣም። ከረጢቱ ሲርስ ታውቃለች። ስትወጣ ደግሞ አፍ የላትም።»

«አፍ የላትም?»

«ምን ያደርግላታል? መብላቱን በልጅነቷ ጨርሳ። አንድ ሳምንት ብትኖር ነው። ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ባሏን ትጠራለች።»

«ያለ አፍ?»

«በጠረኗ። ወንዱ ጋራውን ዞሮ ይመጣል።»

አፍጥጬ አየኋት። ሁለቱም ሙሽሮች፣ ሁለቱም ባላቸው ሩቅ። አንድ ላይ የመጡት በምክንያት ነው አልኩ።

ሙንተሃም በራሷ መንገድ እንደዚያው አስባ ኖሯል። ማታ ራት ላይ ለእናቴ ቁርጧን ነገረቻት። «አዴ፣ ይቺ ከአገሬ ተከትላኝ ነው የመጣችው። ዝናብ ሲነካት ነው የምትወጣው፤ ስትወጣ ሳላይ አልሄድም። ካየኋት በኋላ ግን እሄዳለሁ፤ እግሬም ድኗል።»

እናቴ ማኘኳን አቆመች። «እናንተ ጋ ዝናቡ መቼ ይገባል?»

«መጋቢት ማለቂያ። ሲዘገይ ሚያዝያ።»

እናቴ ቀንበጡን ወስዳ ውሃ ከማይደርስበት ከጓዳው በር በላይ፣ ምስማር ላይ ሰቀለችው።

እኔ ግን የጫት ነጋዴ ልጅ ነኝ። ከደጋ የመጣን ነገር በዚህ ሙቀት ደረቅ ምስማር ላይ መስቀል መግደል መሆኑን አውቃለሁ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በርጩማ ላይ ቆምኩ፣ ከረጢቷን በቁራጭ ጆንያ ጠቀለልኳት፣ በጠርሙሱ ረጨኋት። ማታ ከመተኛቴ በፊትም ደገምኩ። በነጋታው ጠዋት ጆንያው ደርቆ አገኘሁት። ሙቀቱ ነው ብዬ ውሃውን ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀንም ደርቋል፤ ይባስ ብሎ ጆንያው ራሱ ተለውጧል። የእኔ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ነበረው፣ ይሄኛው የለውም።

በአራተኛው ቀን ሰርቄ አየሁ። እናቴ የሱብሂን ሶላት ሰግዳ ስትጨርስ ተነሳች፣ ከረጢቷን ከእርጥቡ ጆንያ አወጣች፣ በደረቅ ጠቀለለች፣ እርጥቡን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። ተመልሼ አንሶላዬ ውስጥ ገባሁና አለቀስኩ። እናቴ አፍ የሌላትን ፍጥረት በጥም ልትገድል ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ጦርነት ሆነ፤ ጦርነቱን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ ጠዋት ታደርቃለች፣ እኔ ከሰዓት አረጥባለሁ። ነቢል በየሳምንቱ ረቡዕ ይመጣል፤ ሙንተሃ «አልወጣችም፣ የሚቀጥለው» ትለዋለች፤ እሱ ይሳደባል፤ እኔ ማታ ውሃውን አበዛለሁ። ሙሽራው ሳይሰለች ልደርስለት ነው የምሮጠው።

በአንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ገና የካቲት ሳያልቅ፣ ወጣች። ስደርስ ግማሽ አካሏ ውጭ ነበር። ክንፏ የተጨማደደ እርጥብ ጨርቅ ይመስላል፤ ሆዷ ወፍራም፣ ጸጉራም። ጆንያው ላይ ተንጠልጥላ ቀስ በቀስ ክንፏን ስትዘረጋ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባት፤ እኔም ከትምህርት ቤት ቀረሁ። መልኳ የቀይ አፈር ሆኖ ነጭ መስመር ያቋርጠዋል፤ በእያንዳንዱ ክንፏ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ዙሪያው ቢጫ የሆነ አንዳንድ ዓይን አለ። ሙንተሃ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። እናቴ መጥታ አየች። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብላ ጓዳው ደፍ ላይ ቁጭ አለች። አሸነፍኳት አልኩ በልቤ። ፊቷ አመድ መምሰሉን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ የጫት መኪናው ሲመጣና መንገዱ ሁሉ ሲተራመስ፣ ነቢል በር ላይ ቆመ።

«ዛሬ ወደ ኦቦክ፣ ወደ ጀልባው ነው» አለ። «ወጥታለች አሉ። ሌላ ሰበብ አለሽ?»

ሙንተሃ ሻንጣዋን አነሳች። እናቴ ጀሪካኑን ወሰደች፣ ከበርሜሉ ሞላችው፣ ክዳኑን ሁለት ጊዜ አጠበቀች። አምጥታ ሙንተሃ እግር ሥር አስቀመጠችው። ቀና ብላ ግን አላየቻትም። ሙንተሃ እናቴን አየች፣ ጀሪካኑን አየች። ከዚያ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

«ጫቱ ደርሷል፣ አዴ» አለች። «ብቻሽን አትችይውም።»

ሻሿን አጥብቃ አሠረችና ወጥታ እሽግ መፍታት ጀመረች። ነቢል ጮኸ። እናቴ በሶማልኛ የሆነ ነገር አለችው፤ ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ ተመልሶ ግን አልመጣም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሙሽራይቱ የቤት ሠራተኛ ሆና ስትቀር በዓይኔ አየሁ።

ሙንተሃ ባትሄድም እራቷ ሄደች። «እዚህ ማን ሊመጣላት ነው?» አለች ሙንተሃ። በዱቄት ወተት ካርቶን ላይ ቀዳዳ በስተን፣ ውስጡ ቀንበጥ አቁመን፣ በዚያኑ ዕለት ባዶውን ለሚመለሰው ለፈንታው ሰጠነው። በሳምንቱ ሲመጣ ተንደርድሬ ጠየቅኩት። ከድሬዳዋ በላይ፣ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ ዛፍ ላይ አስቀመጥኳት አለኝ። አሁን ሳስበው በዚያ ወቅት ካፊያ ብዙም አይጠበቅም። ያም ሆኖ ፈንታው ለልጅ ብሎ የሚዋሽ ሰው አልነበረም፤ አምኜዋለሁ።

ሙንተሃ ቤታችን ሦስት ዓመት ኖረች። ቀድመዋት ከሄዱት ስምንት ልጆች ቤተሰቦቻቸው የሁለቱን ድምፅ ብቻ ነው የሰሙት። ፈረንሳይኛውንም ሶማልኛውንም ለመደች፣ አኒስ የሚባል መካኒክ አገባች፣ ሦስት ልጆች ወለደች። ዛሬ ነፃ የንግድ ቀጠናው አጠገብ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ ታበላለች። እኔ ቀጠናው ውስጥ ያለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ስለምሠራ ምሳዬ እሷ ጋ ነው። እናቴ ግን አንድም ቀን እዚያ ሄዳ አታውቅም። ሙንተሃ በዒድ ስትደውል «ሰላም በይልኝ» ብላ ስልኩን ለእኔ ትሰጣለች። ፀሐዩ አይቻልም ትላለች፣ ጉልበቴ ትላለች። ቂም ይዛ ይሆናል እል ነበር፤ በነፃ የሚሠራላትን እጅ ስላጣች። ዕድሜዬ ሲጨምር ሙንተሃ ሙሽራ እንዳልነበረች፣ አለመሄዷም መዳኗ እንደነበር ገብቶኛል። ምስጋናውን ግን ለእናቴ አልሰጠሁም። እራቷ ስትወጣ አይታ ሙንተሃ ልቧ የተመለሰ ስለመሰለኝ ለእራቷ ሰጠሁ፣ ትንሽ ደግሞ ላረጠብኩት ለራሴ።

ባለፈው ሳምንት ስለዚህችው የጫካ እራት ስልኬ ላይ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ከረጢቷ ውስጥ ሆና ርጥበቱን ነው የምትጠብቀው ይላል። ዘልዬ ተነሳሁ። ሙንተሃ ያኔ ያለችኝ እውነት ኖሯል፤ ዝናቡ እኔ ነበርኩ! በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሙንተሃ ጋ ሄጄ ስልኩን ፊቷ ደቀንኩ።

«እይ! እኔ ነኝ ያወጣኋት። አንቺንም ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ።»

ሙንተሃ ከድስቱ ቀና ሳትል ሳቀች። «ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበረብሽ? ስትረጪ አውቅ ነበርኮ። ጠብታሽ እስከ አልጋሽ ድረስ ይሄዳል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ፈርቼ ነበር፣ ውዳድ። መሄዱንም መቅረቱንም ፈርቼ ነበር። እሷ ትወስንልኝ አልኩ።»

«ወሰነችልሽ በያ። ስትወጣ ቀረሽ።»

«በስመአብ፣ ለእራት ብዬ ነው የቀረሁት?» አለች። እስላም ሆና «በስመአብ» ማለቱን ከሾፌሮቹ ነው የለመደችው። ጭልፋዋን አስቀመጠች። «አንድ ጠዋት ለሶላት ውዱእ ላደርግ ስነሳ እናትሽን ግቢ ውስጥ አየኋት። እርጥቡን ጆንያ ጨምቃ ጨምቃ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ሌላውን ጉንጯ ላይ አድርጋ መድረቁን ትለካለች፣ አልደረቀም መሰለኝ በአፏ እፍ ትለዋለች። ብቻዋን። ከአገሬ ስነሳ ሁሉም ሰው ሂጂ ነው ያለኝ፤ እናቴም ሂጂ ነው ያለችኝ። ያቺ ሴት ግን እኔ እንዳልሄድ ጆንያ እፍ ትላለች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አትሂጂ እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው። አላለችኝም። የዚያን ዕለት ጀሪካኑን ሞልታ ክዳኑን ሁለት ጊዜ ስታጠብቅ፣ ቀና ብላ ልታየኝም ሲያቅታት አየሁ፤ በቃ፣ እንዳለችኝ ቆጠርኩት።»

«ይህን ነግረሻታል?»

«ምን ብዬ? ልታየኝ እንኳ አትፈልግም። ያኔ ስላስቸገርኳት ይሆናል እላለሁ።»

ወደ ቢሮ አልተመለስኩም። ቤት ስደርስ እናቴ ቴሌቪዥን ፊት ጉልበቷን ዘይት ትቀባለች።

«ኡሚ፣ የሙንተሃ ከረጢት ላይ የነበረውን ጆንያ ታስታውሻለሽ? ጠዋት ጠዋት የምታደርቂውን?»

እጇ ጉልበቷ ላይ ቀረ። «ማን ነገረሽ?»

«ሙንተሃ። አይታሽ ነበር።»

«ያ ረቢ!» በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። «አውቃ ነው የኖረችው!»

«ምን ሆንሽ ኡሚ? ክፉ አልሠራሽም እኮ።»

«ምን ታውቂያለሽ አንቺ!» አለች ከሻሹ ውስጥ። «ዝናቡ እስኪመጣ ነፋሱ ይነሳል፣ ባሕሩ ይዘጋል፣ ልጅቷም ትተወዋለች ብዬ ነበር ያሰብኩት። አትሂጂ ብዬ ባስቸግራት ነቢል ቤት ሄዳ ልታድር ትችላለች። ሰው ሲጠይቀኝ ሠራተኛ አገኘሁ እያልኩ ደበቅኳት። ግን በየጠዋቱ ስነሳ ጆንያው ርሶ አገኘዋለሁ። ይህን ያህል መሄድ ፈልጋ፣ ራሷ እያረጠበች፣ እኔ ዕድሏን እዘጋባታለሁ። ማዶ ደርሳ አልፎላት ቢሆንስ? አላህ በዚህ ይጠይቀኛል እያልኩ ነው የኖርኩት። ዓይኗን እንዴት ልየው?»

ለአሥራ ስምንት ዓመት ያኮረፈችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዚህ ጊዜ ነው እጇን የፈታችው።

«ኡሚ፣ እኔ ነበርኩ።»

«ምኑን?»

«ያረጠብኩት። እሷ ጠብታ አላስነካችም። እኔ ነኝ፣ እንዳትሞት ብዬ።»

ሻሹን ከፊቷ አወረደች። መጀመሪያ የዘይቱን ጠርሙስ ወረወረችብኝ፤ ሳተኝ። ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱንም ባንዴ። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሙንተሃ ያለችኝን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። «አትሂጂ እስክትለኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

«ቤቷ እስከ ስንት ሰዓት ነው ክፍት የሚሆነው?»

«እስከ አሥር ተኩል።»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? ታክሲ ጥሪ!»

ስንደርስ ሦስት ሾፌሮች ብቻ ቀርተው ነበር። ሙንተሃ ባዶ ሰሃኖች ደርድራ ወደ ጓዳ ስትገባ በሩ ላይ እናቴን አየችና ባለችበት ቆመች። እናቴ ከበሩ አላለፈችም። በታክሲ ስትለማመደው የመጣችው ንግግር ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

«ሙንተሃ» አለቻት፣ «አትሂጂ።»

ሙንተሃ ሰሃኖቹን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እሺ፣ አዴ» አለች።